ስምንት አስረኛ

ስሟ ኢምፓላ ነው፤ "የሚዳቋ ስም ነው" ብሎ ነበር ሲያመጣት፣
ከገበሬ ሚስት ገዝቶ፣ ባሏ ከሞተባት።
እኔ ግን ያየሁት በሬ ነው፣ ያውም ከጥጋቡ ያልነቃ፣
ነዳጅ ሲሰጡት አስቦ፣ አስቦ፣
ቆይቶ የሚል "እሺ በቃ"።

ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው፤ ማርሽ ራሷ ትቀይራለች፤
ካንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትሻገር
"መሃል ላይ ሻይ ትጠጣለች" እያልኩ አበሽቀው ነበር።

ነገሩን የጀመረው አጥናፉ ነው፤ የሠላሳ ዓመት የተሳቢ ሾፌር፣
ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲናገር፦
"አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው ሾፌር አይባልም፤
መሪ የያዘ ተሳፋሪ ነው። ፍሪሲዮን ያልረገጠ መኪና አልያዘም።"
ምንተስኖት ሳቀ። የእሱን ሳቅ አውቃለሁ፤
ከጉሮሮው የወጣውን ከሆዱ ከወጣው እለያለሁ።

ፍሪሲዮን የግራ እግር ሥራ ነው።
የእሱ ግራ እግር ግን፣ የዛሬ አራት ዓመት፣ ሥጋ ፋብሪካው ውስጥ፣
በሌሊት ፈረቃ፣ የቀዘቀዘ ጎድን የጫነ ጋሪ ሲገለበጥ፣
ከጉልበቱ በታች ግራ እንደ ገባው ቀረ።
ሐኪሙ ፎቶውን አየ፤ መድን ቤቱ ዶላር ቆጠረ።

አውቶማቲክ ግራ እግርን ምንም አይጠይቅም።
ይህን አጥናፉ አያውቅም፤
ወይም ያውቃል፣ አይጠነቀቅም።

ከዚያ ሳጥን መምጣት ጀመረ፤ በየሳምንቱ አንድ ሳጥን።
ቶርክ ኮንቨርተር፣ ስፋቱ የድስት፣ ክብደቱ የአንድ ሕፃን፤
የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ፣ ትንሽዬ ራዲያተር መሳይ፤
ጠንካራ ሞላ፣ አዲስ ባልቦላ፣ ከምስር የማትበልጥ የብረት ኳስ፣
ጎረቤታችን ኤስቴባን ጥሏት፣ በሆዱ ተኝቶ ሲፈልጋት ሳይ
አብሬ ተንበረከክሁ። እኔ ነኝ ያገኘኋት።

የካምቢዮ ዘይት ቀይ መሆኑን ከዚያ በፊት ማን ነገረኝ?
ቱታውን ሳጥብ ያን ሰሞን እያሸተትኩ ነበር የምለየው፣
የበሬው የቱ ነው፣ የመኪናው የቱ፣ ቀለሙ ግራ እያጋባኝ።

ቅዳሜ ማታ፣ ከሱ ፎልስ ወጣ ብሎ፣ በቆሎ ማሳ መሃል፣
ሩብ ማይሏን ያስሮጣታል፤
አስራ አምስት ነጥብ አራት የነበረው አስራ አራት ነጥብ ስድስት ሆኗል።

ደረሰኙን ኩሽና ውስጥ አገኘሁት፣ ሩዝ ጣሳው ሥር ታጥፎ፤
ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ ዶላር፣ የኤስቴባን የእጁ ዋጋ ታልፎ።
"ስንት ፈጠነች?"
"ስምንት አስረኛ ሰከንድ" አለ፣ ለልጅ ስም እንደሚያወጣ ሰው ረጋ ብሎ።
"ስምንት አስረኛ! እኔ ሽንኩርት ስከትፍ እንባዬን የምጠርግበት?
አንተ እንኳ 'አቤት' እስክትል ከዚህ በላይ ይፈጅብሃል፤ ምን ልትሠራበት?"
መልስ አልነበረውም።
ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል፣ የሃያ ዘጠኝ ቁጥር አውራ ጎዳና መግቢያ ላይ፣
አሳማ የጫነ ተሳቢ በግራዬ እያጓራ ሲመጣ ሳይ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያች ቦታ ስጸልይ የኖርኩ ሴት፣
ረገጥኩት።

አላሰበችም።
ሁለተኛው ማርሽ ጀርባዬን መታ አድርጎ፣ እንደ ሚዜ፣ "ሂጂ" አለኝ፤
ተሳቢው መስታወቴ ውስጥ አነሰ፣ አነሰ፣ የአሳማው ሽታ ብቻ ተከተለኝ።
ያኔ ነው ወደ ታች ያየሁት፤
አንዱ እግሬ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል፣ ምንም ሳይሠራ፣
እንደ እሱ ግራ።

ማታ ስመለስ በረንዳው ላይ ነበር፣ ክብደቱን በቀኙ ጥሎ።
"እንዴት ናት?" አለ፣ ጎማ ጎማዋን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ።
"ሻዩን ትታለች" አልኩት።
ሳቀ። ይሄኛው ከሆዱ ነው።

ስለ ሦስቱ ሺህ ገና አልጨረስንም፤ ደረሰኙን ጣሳው ሥር መልሼዋለሁ።
ለአጥናፉ ግን ደውያለሁ፤
እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ አደርሰዋለሁ፣
የኋላ ወንበር ጠርጌለት።
ተሳፋሪነት ምን እንደሆነ፣ ቀበቶውን አስሮ ይማርበት።